ሞገድ ላይ የተቀመጠው ሰው

ሽቦ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ከፋይና እናቱ ራሷ ብቻ ናቸው። ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከአሳንሰር ገመድ ጋር ሲታገል ስለሚውል ነው የሚሉም አሉ። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ግን የገዛ ሚስቱ ናት። በተጋቡ ሰሞን፣ ከጣሪያው ጫፍ እስከ ጎረቤት ግንብ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ አየችና ደስ ብሏት ያጠበችውን አንሶላ ሁሉ አሰጣችበት። እሱ ከሥራ ሲገባ አንቴናው ጎብጦ፣ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ የትራስ ልብስ ተሸክሞ ጠበቀው። ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸ። እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ሽቦ ነው እንዴ ያገባሁት?» አለችው። ጎረቤት ሰምቶ ሳቀ፤ ስሙም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተለጠፈበት።

ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። በከተማው መሀል ባለ አንድ ረጅም የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት አሳንሰሮች አሉ፤ ሁለቱም በሱ እጅ ናቸው። ደህና ሲሠሩ ሽቦ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያስታውስ የለም። ሲቆሙ ግን ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉም ስሙን ይጠራዋል፤ አንዳንዱም ከስድብ ጋር። ውሎው ጣሪያው ሥር ባለችው የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ትልቁ ጎማ ይዞራል፣ የብረት ገመዶቹ ቅባት ቅባት እየሸተቱ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ፍሬኑ በያዘ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው አንድ ቀን ቢውልባት ራሱን ይዞ ይወጣል። ሽቦ ግን ይወዳታል። ከሷ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው፤ ለአንቴና ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

ሽቦ የአማተር ሬዲዮ ሰው ነው። ፈቃድ አለው፣ በዓለም ላይ የሱ ብቻ የሆነ መጠሪያ ኮድ አለው፣ ዕድሜውን የበላ ሱስም አለው። ሌላው ሰው ከሥራ መልስ ኳስ ያያል፣ ካርታ ይጫወታል። እሱ ደግሞ በሞርስ ነጥብና ሰረዝ፣ ዓይቶት ከማያውቀው የባሕር ማዶ ሰው ጋር ስለ አየር ጠባይና ስለ ወገብ ሕመም ያወራል። በስልክ ቶሎ በሚያልቅ ወሬ ላይ ይህን ያህል ጊዜ መፍጀት ምን ይባላል ብሎ ለጠየቀው ሰው፣ «ስልክ ይደውላል እንጂ አይደርስም» የሚል መልስ አዘጋጅቷል። ምን ማለት እንደሆነ እሱም አያውቀውም፤ ግን ሲለው ደስ ይለዋል።

ይህ የነጥብና የሰረዝ ሰፈር የራሱ ወግ አለው። ስንብት ላይ «ሰባ ሦስት» ይባላል፤ መልካም ምኞቴ ይድረስህ ማለት ነው። እሱን ሳይሉ መሄድ በሰው ፊት ላይ በር እንደ መዝጋት ይቆጠራል። «ሰማንያ ስምንት» ደግሞ አለ፤ ፍቅሬና ስሞሽ ይድረስሽ ዓይነት ነገር ነው፤ ለሚስት ይላካል፣ ለሴት ወዳጅም በጨዋታ ይላካል፣ ወንድ ለወንድ ግን አይላላከውም። የሰው እጅ ደግሞ እንደ ድምፁ ነው። አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ሰረዙን ሳብ ያደርጋል፤ ሰው መምቻውን፣ ነጥብና ሰረዙ የሚመታባትን ቁልፍ፣ ገና ሲነካ ማን መሆኑ ይታወቃል። ከነውር ሁሉ የከፋው ነውር «መቀመጥ» ነው። ይህም ሁለት ሰዎች በሚያወሩበት ሞገድ ላይ መምቻን ተጭኖ በመያዝ፣ በአንድ ረጅም ፉጨት ወሬያቸውን ማፈን ማለት ነው። ሽቦ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በሰማ ቁጥር «እጁ ይሰበር!» ይል ነበር። ይህችን እርግማን ያዙልኝ።

ከወዳጆቹ ሁሉ የሚበልጡበት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ነፋስ በማይለያት ደሴት ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በጉልምስናቸው በመርከብ ሬዲዮ ላይ የሠሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ሽቦ ሞርስ ሲጀምር እጁ ደረጃ ላይ እንደሚንከባለል ድስት ነበር፤ የሰማው ሁሉ ትቶት ይሄዳል። ሽማግሌው ግን ቆሙለት። እየተደናቀፈ እስኪጨርስ ይጠብቁና፣ «ቀስ በል፣ ልጄ። ባሕሩ የትም አይሄድም» ብለው ይልኩለታል። ሽቦ አባቱን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። «ልጄ» የምትለዋን ቃል ከወንድ አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ከሽማግሌው እጅ ሲሰማት ጊዜ መምቻውን ትቶ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ቀርተው አያውቁም። የሠርጉን ወሬ ነገራቸው። የልጁን መወለድ አማቱ እንኳ ሳትሰማ ነገራቸው፤ አማቱ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ሆና የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ ትሰፋለች። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የስፌት መኪናዋና የሱ ሬዲዮ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚኖሩት፤ በመሀላቸው ድንበር ሆኖ የቆመው የክር ቆርቆሮ ነው። ሞርስ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ለምኖ።

«አብረን እናወራለን፤ ሽማግሌውም ደስ ይላቸዋል» አላት።

«እኔ ሥራ የለኝም እንዴ? ይኼ ሁሉ መጋረጃ ቆሞ ይሰፋል?»

«እየሰፋሽ ስሚ። እጅሽን መቼ ጠየቅኩሽ፣ ጆሮሽን ነው።»

እንቢ እንቢ ስትል ከርማ እየሰፋች ጆሮዋን ጣል ታደርግ ጀመር። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ጆሮዋ ነጥቡንና ሰረዙን ሲለቅም፣ ነገሩ ሳታስበው ገባት። ፈተናውን አልፋ የራሷን ፈቃድና የራሷን ኮድ ይዛ የመጣች ቀን ሽቦ የሚሆነውን አጣ። አቅፎ ሊያነሳት ሞክሮ ወገቡን ያዘው፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ያቺ ሳቅ ብዙም አልቆየች።

ምክንያቱም እጇ ያምር ነበር። ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጥሩማ የሽቦም ጥሩ ነው። የሷ ግን ያምር ነበር። ነጥቧ እኩል፣ ሰረዟ እኩል፣ በቃልና በቃል መሀል የምትተዋት ክፍተት ልክ እንደ ስፌቷ የተለካች። እሱ ስንት ዓመት ላቡን አፍስሶ ያላገኘውን እሷ መጋረጃ እየሰፋች አገኘችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽማግሌው ጋር ባገናኛት ዓርብ፣ እሳቸው ሰምተዋት፣ «መርከብ ላይ ከነበርኩበት ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ እጅ ስሰማ ዛሬ ገና ነው» ብለው ላኩ። ሽቦ ጎኗ ተቀምጦ ነበር። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«አባዬ፣ እማዬ በለጠችህ እንዴ?» አለች ልጃቸው ከቤት ሥራዋ ቀና ብላ። ሞርስ አልማርም ብላ በአቋሟ የጸናች፣ ምላሷ ግን ከመቀስ የሰላ ልጅ ናት።

«ምን በለጠችኝ? ያስተማራት ማን ሆነና!»

«የኔ አስተማሪም እንደሱ ነው የምትለው።»

«አንቺ መጀመሪያ ማባዛቱን ጨርሺ!»

ቀና። ሌላ ስም ብንፈልግለት ራሳችንን ማታለል ነው። ሽቦ በሚስቱ ቀና። ቅናት እንደሆነ እሱም ያውቃል፤ ማወቁ ግን የሚያበርደው አልሆነም። ከመምቻው ፊት ጨርሳ በተነሳች ቁጥር «ጥሩ ነው» ይላታል፤ «ጥሩ ነው» ሲላት ግን ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነው።

ይባስ ብሎ የአየሩ ሰፈር ተነጋገረባት። ሽቦ ኮዱን ጠርቶ ሲወጣ፣ ሰላምታው ሳያልቅ «እመቤቲቱ የለችም?» የሚል መምጣት ጀመረ። ወጉ እንዲህ ነው፤ በአየር የተገናኙ ሰዎች ለመታሰቢያ ፖስትካርድ ይላላካሉ። ሽቦም የተላኩለትን ካርዶች ከአልጋው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ደርድሮ፣ እንግዳ ሲመጣ አንድ በአንድ ያስጎበኛል። አሁን በሷ ኮድ የተላኩ ካርዶች ይመጡ ጀመር። የመጀመሪያውን ራሱ ሰቀለላት። ከዚያ በኋላ የመጡትን «ግድግዳው ሞልቷል» ብሎ በር ጀርባ፣ ኮት በሚሰቀልበት ቦታ ለጠፋቸው። ግድግዳው ላይ ገና ብርድ ልብስ የሚያህል ባዶ ቦታ ነበረ። እሷ አየችና ኮቱን ከዚያ አንስታ ወንበር ላይ አደረገችው።

ሌላም ነገር አደረገ፤ መናገሩ ራሱ ያሳፍራል። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት የመምቻውን ስፕሪንግ አጠበቀው፤ ከብዷት እጇ እንዲሰናከል ብሎ ነው። ከሥራ ሲመለስ ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? በስፌት መኪናዋ ትንሽ ብሎን መፍቻ ስፕሪንጉን ከበፊቱ የተሻለ አድርጋ አስተካክላ ጠበቀችው። «ደርቆ ነበር፤ ዘይትም ጠብ አደረግኩበት» አለች። ያን ቀን ራት አልበላም፤ ሆዴን ቆርጦኛል ብሎ ተኛ።

የካርዱንስ፣ የመምቻውንስ ይችለው ነበር። አንጀቱን የበላው ዓርብ ነው። ሽማግሌው ሰላም ካሉት በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እሷስ?» ሆነ። አንድ ዓርብ ደግሞ ከሷ ጋር ሲያወሩ በወሬ መሀል «ልጄ» አሏት። ሽቦ ከጀርባዋ ቆሞ ሰማ። ታናሽ እንደተወለደበት ልጅ ሆነ። ያቺ ቃል የሱ ነበረች፤ ከዓለም ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚላት፣ ለሱም ብቻ ነበር የሚላት። በማግስቱ፣ «የስፌት መኪናሽ ሬዲዮውን እየረበሸው ነው፤ ዓርብ ዓርብ ባትሰፊ ጥሩ ነው» አላት። እሷም ቀና ብላ አየችው። የዚያን ጊዜ ገብቷታል ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ሲደርስ ጨርቅ ልገዛ፣ ዘመድ ልጠይቅ እያለች ከቤት ትወጣ ጀመር። ሽማግሌው «እሷስ?» ሲሉ፣ «ሥራ በዝቶባታል» ይላል። ደስ ሊለው ሲገባ ደስ አላለውም።

በዚህ መሀል ለሥራ ቦታው አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ሠራ። ከተረፈ ዕቃ ለቃቅሞ የሠራት ስለሆነች አንድ እንከን ነበረባት፤ መምቻው ገና ሲነካ ድምፅዋ ተንሸራትቶ «ጭዩው» ይልና ከዚያ በኋላ ነው ቀጥ የሚለው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲሞክራት ሚስቱ ሰምታ፣ «ጫጩት ፈለፈልክ እንዴ?» ብላ አሹፋ ነበር። አስተካክላታለሁ እያለ ሳያስተካክላት ይዟት ሄደ፤ በሞተር ክፍሏ ጥግ፣ የቅባት ጣሳዎቹ ጎን አስቀመጣት።

አንድ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ ዳቦውን እየገመጠ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ረቡዕ የማንም ቀን አይደለም። እጁ ግን ለምዶበት የዓርቧን ሞገድ አወጣ። እዚያ ላይ አንድ እጅ አገኘ። ነጥቡ እኩል፣ ሰረዙ እኩል።

«እሺ። እየያዝኩ ነው። ይቀጥሉ» አለች ሚስቱ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ሳሳ ብሎ፣ ያ ሰረዙን ሳብ የሚያደርገው የሽማግሌው እጅ መጣ። «መጀመሪያ ግን የኔን ሰማንያ ስምንት...»

ዳቦው ከእጁ ወደቀ። ረቡዕ! እሱ ሥራ ላይ ሳለ! ዓርብ ዓርብ ጨርቅ ልገዛ የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል፤ ለካ የራሳቸው ቀን አላቸው። በገዛ ሬዲዮው፣ በገዛ አንቴናው፣ በገዛ ሽማግሌው! ሰማንያ ስምንት! ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ዓመት ለሱ ከሰባ ሦስት በላይ ልከውለት አያውቁም። እርግጥ ነው፣ ቆም ብሎ ቢያስብ ለሴት በጨዋታ የሚላክ ነገር መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። በመሀላቸው አንድ ሙሉ ውቅያኖስ እንዳለም ያውቃል። ቆም ብሎ አላሰበም። ደሙ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ፣ እጁም ወደ መምቻው ሄደ። ማሰራጫዋ «ጭዩው» አለችና ቀጥ ያለ ፉጨት ሆነች። እሱም ተጭኖ ያዘ።

ተቀመጠባቸው።

ከሥር የአሳንሰሩ ደወል ጮኸ። ጎማው ቆሟል፤ ከሁለቱ አንዱ በፎቅና በፎቅ መሀል ተንጠልጥሏል። ወዲያው የግድግዳው ስልክ ጮኸ። ሽቦ በግራ እጁ አነሳው፤ ቀኙ መምቻው ላይ ነው።

«ሽቦ! ሰው ታስሯል!» አለ ጥበቃው።

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

«የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ናት! በሩን እየደበደበች ነው!»

«መጣሁ አልኩ እኮ!»

አልሄደም። ደወሉ እየጮኸ፣ ሴትዮዋ እየደበደበች፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ ተጭኖ ቆየ። ጣቱ ሲደነዝዝ ለቀቀ። ሞገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሚስቱም የለች፣ ሽማግሌውም የሉ። ትንሽ ጊዜ ደስ አለው፤ አልዋሽም፣ በደንብ ደስ አለው። ከዚያ ወርዶ ሴትዮዋን አወጣ። የወረደበትን የስድብ መዓት አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። በሆዱ ግን ማታ ለሚስቱ የሚናገረውን ንግግር እያሰካካ ነበር። «ረቡዕ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ሊጀምር አስቧል።

ቤት ሲገባ የስፌት መኪናዋ ተሸፍኗል። ሚስቱ ሬዲዮው ፊት ተቀምጣለች፤ ማዳመጫው አንገቷ ላይ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል። ልጅቷ ደብተሯን ዘርግታ ዝም ብላለች፤ ያቺ ልጅ ዝም ማለቷ ራሱ የሆነ ነገር መኖሩን ይናገራል። የተሰናዳው ንግግር ከሽቦ አፍ ጠፋ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ቁጭ በል። ሽማግሌው ሄዱ» አለች ሚስቱ።

«ሞቱ?»

«አልሞቱም። ሴት ልጃቸው ልትወስዳቸው መጣች፤ ከተማ፣ አፓርታማ ቤት። እዚያ አንቴና አይፈቀድም አሉ። ዓርብ ሊነግሩህ ነበር ሐሳባቸው። አንቴናውን የሚያወርዱት ሠራተኞች ቀድመው ደረሱና ዛሬ ጣሪያው ላይ ወጡ። ክር እየቆረጥኩ በጆሮዬ ሽው ሲል ሰማሁት፤ ያንተን ኮድ ነበር የሚጠሩት። ደጋግመው። ያንተን ኮድ። ማንም አይመልስም። እሱ ሥራ ላይ ነው፣ ለኔ ይንገሩኝ አልኳቸው።»

«ምን አሉ?» አለ ሽቦ።

«እንደላኩት ነው የምሰጥህ።» ወንበሯን ሳበችና ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ከዚያ መታች። በራሷ እጅ አልነበረም። ሰረዙን ሳብ እያደረገች፣ በቃሉ መሀል እያረፈች፣ ልክ እንደ ሽማግሌው አድርጋ መታችው። ሽቦ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ለልጄ። አንቴናዬን እያወረዱ ነው። ዓርብን አልደርስም። ከእንግዲህ ሬዲዮ የለኝም፤ ደብዳቤ ጻፍልኝ። የምሄድበትን አድራሻ ለሚስትህ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ግን የኔን ሰማንያ ስምንት ስጪ ለ...»

እዚህ ላይ ጣቷ አየር ላይ ቆመ። ባሏን ፊት ለፊት አየችው። ከንፈሯን አሹላ በአፏ «ጭዩው» አለች። ከዚያም ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና ተጭና ያዘች።

«እማዬ፣ ጫጩት መሰልሽ!» ብላ ልጅቷ ሳቀች። ብቻዋን መሳቋን ስታይ ተወችው።

ጣቷ አልተነሳም። የጥፍሯ ሥር እስኪነጣ ተጭናለች። ሽቦ ጣቷን ያያል፤ ቀና ማለት አቅቶታል። እሱም በሕይወቱ የዚያን ያህል የረዘመ ነገር አይቶ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።» ጣቷን አነሳች። «ሌላ ሞገድ ላይ እንውጣና ይድገሙልኝ ብዬ ጠራኋቸው። አልነበሩም። የአንቴናቸው ሽቦ ወርዶ ነበር።»

«ለማን ነበር? ሰማንያ ስምንቱ።»

«እንጃ። ለኔ ቢሆን ስጪ አይሉኝም። ለልጅቷ ይሆናል።»

«ለኔ ነው!» አለች ልጅቷ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ።

ሽቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቀንቼ ነው» አለ። «በእጅሽ ቀናሁ። ሁሉም አንቺን ሲጠይቅ ቀናሁ። እሳቸው ልጄ ሲሉሽ ደግሞ... የኔ ነበረች እኮ ያቺ ቃል።»

ሚስቱ ተናዳለች፤ አዝናለችም፤ የቱ እንደሚቀድም የጨነቃት ትመስላለች። «ዓርብህን ትቼልህ ስወጣ የከረምኩት ለምን መሰለህ?» አለች። «የምገዛው ጨርቅ ኖሮኝ ነው? ውጭ ለውጭ ስዞር ነበር የምውለው።» ተነስታ ራቱን ማቅረብ ጀመረች። ሳህኑን ፊቱ ስታስቀምጥ፣ «ያን ሞገድ የሚሰማ ሌላ ሰው አይጠፋም። ነገ ውጣና ጠይቅ» አለችው።

«አሁን ከዚህ ብጠይቅስ?» አለ፣ ወደ ቤቱ ሬዲዮ እያየ።

«አይሆንም። ከሥራ ቦታህ። በጫጩቷ።»

ሽቦ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል። ቤት ባለው ሬዲዮ ከጠየቀ፣ ወዳጁን ያጣ አንድ ምስኪን ሰው ነው፤ ሁሉም ያዝንለታል። በጫጩቷ ከጠየቀ ግን ትናንት ያን ሞገድ የሰማ ሁሉ፣ ገና መምቻውን ሲነካው፣ ማን መሆኑን ያውቃል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት የሞተር ክፍሏን በር ከውስጥ ቆለፈ። አሳንሰሮቹ ደህና እየሠሩ ነበር፤ አንዱ እንኳ ቆሞ በገላገለው ብሎ ተመኘ። ማዳመጫውን አደረገ። ሞገዱ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ዝናብ ያወራሉ። እስኪሰነባበቱ ጠበቀ። መምቻውን ነካ።

«ጭዩው» አለች።

አላቆመም። ኮዱን ላከ፤ ከዚያ፣ «ትናንት በዚህ ሰዓት ከደሴቱ ሽማግሌ የተላከውን መልእክት የያዘ ሰው አለ? የቀረኝ ቃል አለ» አለ። እጁ እንደ ጀማሪነቱ ዘመን ተሰናከለ፤ ቀስ በል የሚለው ግን አልነበረም።

ሁለቱ የዝናብ ሰዎች አልሄዱም፤ መስማታቸውን ያውቃል፤ ግን ዝም አሉ። ደግሞ ላከ። «ጭዩው።» ደግሞ ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ እጁን ሊያነሳ ሲል አንድ የማያውቀው እጅ መጣ፤ ደረቅ፣ ያልቸኮለ።

«ከመናገሬ በፊት። ትናንት የተቀመጠው አንተ ነህ?»

ሽቦ መምቻውን አየው። እንዲህ የምትንጫጫ ማሽን በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት እንዴ? ሌላ ሰው ነው ቢል ማን ያረጋግጥበታል? ሚስቱ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ተጭና ፊቱ ድቅን አለች።

«አዎ» ብሎ ላከ።

«እንግዲያው ያዝ» አለ ሰውየው። «‹የኔን ሰማንያ ስምንት ስጪ ለባልሽ። በወንዶች መሀል እንደማይባል አውቃለሁ። ለአንድ ጊዜ ይቅር ይበለኝ፤ ልጄ ነው።› እስከዚህ ድረስ ፉጨትህ እዚህ ደካማ ነበር። ከዚያ በረታህ። አድራሻውን እየላኩ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።»

ሽቦ እያንዳንዷን ቃል ይዟታል። ይዞ ተቀመጠ። ጎማው ከጎኑ ዞረ፣ ፍሬኑ ያዘ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እጁ እሺ ሲለው «አመሰግናለሁ» ብሎ ላከ፤ ከዚያም እንደ ወጉ «ሰባ ሦስት» አለ።

ሰውየው መስማቱን በአንዲት ነጥብ ገለጸለት። ሰባ ሦስት ሳይለው ሄደ።